አንድ ክር በብዙ ቀለም መካከል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በዚህ ጽሑፍ የምንነጋገርበት ነገር ከቤታችን ዕቃዎች መካከል ትንሹ ነው፤ እርሱም ሻማ ነው። ይልቁንም ልዩ ልዩ ቀለም በየደረጃው ተደራርቦበት በቤት ውስጥ በእጅ የሚሠራውን ሻማ እንመለከታለን። ምናልባት ከመካከላችሁ «ይህ የእጅ ሥራ ነው እንጂ ስብከት ይሆናልን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ሕዝቡን ሲያስተምር ምሳሌውን የወሰደው ከማእድ ቤትና ከእርሻ ነው። በዱቄት ውስጥ ስለተሸሸገው እርሾ፥ አልጫ ስለሆነው ጨው፥ አንዲት ሴት ቤቷን ጠርጋ ስለፈለገችው ድሪም፥ ከዕንቅብ በታች ሊሸሸግ ስለማይገባው መብራት ተናግሯል። ሰሚዎቹ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ እርሾውንም መብራቱንም በዓይናቸው ያዩታል፤ ባዩት ቍጥር ቃሉን ያስታውሳሉ። እኛም እንዲሁ፥ ማታ መብራት ሲጠፋ ሻማ በለኮስን ቍጥር የምናስታውሰው ነገር እንዲኖረን ነው ይህን የምንጽፈው።

መብራት በቤተ እግዚአብሔር

በብሉይ ኪዳን እስራኤል ለድንኳኑ መብራት ንጹሕ የወይራ ዘይት እንዲያመጡ፥ መብራቱም ዘወትር እንዲበራ ታዘው ነበር (ዘጸ. 27፥20)። በዚያ ድንኳን የነበረው መቅረዝ ከግንዱ ወዲያና ወዲህ ስድስት ቅርንጫፎች ነበሩት፤ ነገር ግን ቅርንጫፎቹ ለየብቻ ተሠርተው የተጣበቁ አልነበሩም። መቅረዙ ሁለንተናው ከአንድ ወጥ ወርቅ ተቀጥቅጦ የተሠራ ነበር (ዘጸ. 25፥31-36)። መብራቱ ሰባት፥ ወርቁ ግን አንድ። ይህን አሳብ በልባችን እንያዘው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

በሀገራችን ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የጧፍን ብርሃን የማያውቅ የለም። ካህናቱ በሌሊት ማኅሌት ሲቆሙ ያነቡበታል፤ በትንሣኤ ሌሊት ምእመናኑ ሁሉ በእጃቸው ይይዙታል። ጧፍ የሚሠራው ከሁለት ነገር ነው፤ ከጥጥ በተፈተለ ክርና ከንብ ሰም። ሀገራችን በንብ ሰም ምርት ከዓለም ቀደምት ከሆኑት አገሮች አንዷ ናት፤ ከዚህም ሰም ብዙው የሚገኘው ጠጅ ከሚጣልበት ቤት ነው። ማሩ በውሃ ሲበጠበጥ ከላይ የሚሰፍፈው ሰፈፍ ተጠራቅሞ ይቀልጣል፥ ይጠለላል፥ ሰም ይሆናል። ንቢቱ ሰሙን የምታወጣው ከገዛ አካሏ ነው፤ ጥቂት ሰም ለማውጣትም ብዙ ማር መብላት አለባት። እንግዲህ አንዲት ጧፍ በመቅደስ ስትበራ ከኋላዋ የንብ ድካም፥ የገበሬ ድካም፥ የፈታይ እናት ድካም አለ።

በየሱቁ የምንገዛው ነጭ ሻማ ግን በአብዛኛው የሚሠራው ከድፍድፍ ነዳጅ ከሚወጣው ፓራፊን ነው። ፓራፊንን እ.ኤ.አ. በ1830 ገደማ ለይተው ካወቁት ሰዎች አንዱ ካርል ፎን ራይኽንባኽ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ነበር። በቤት ውስጥ ባለቀለም ሻማ የሚሠሩ ሰዎችም ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙት በዚሁ ነው። ለቤተ መቅደስ የሚገባው መብራት ምን እንደሆነ የሚነግሩን አባቶች ካህናት ስለሆኑ እኛ በዚያ ነገር አንገባም፤ የእኛ ንግግር ለቤት ስለሚሆነው ሻማ ነው።

አሠራሩ

አሠራሩን ባጭሩ እንመልከት፤ መንፈሳዊው ትርጓሜ የሚመጣው ከዚሁ ነውና።

አስቀድሞ ክሩ ይዘጋጃል። ክሩ የጥጥ መሆን አለበት፤ ናይሎን እንደሆነ ቀልጦ ይጠቀለላል እንጂ አይበራም። የጥጡ ክር ተጎንጉኖ በቀለጠ ሰም ውስጥ ይነከራል፤ በውስጡ ያለው አየር አረፋ እያወጣ እስኪያልቅ ድረስ ይቆያል። ከዚያም ወጥቶ ቀጥ ብሎ እንዲደርቅ ይደረጋል። ቀጥሎ ወፍራም ብርጭቆ ወይም ባዶ ጣሳ ይወሰዳል፤ ክሩ ከታች በጠብታ ሰም ይጣበቃል፥ ከላይ በአፉ ላይ በተጋደመ ስንጥር ይታሰራል። ክሩ ከታች እስከ ላይ ልክ በመካከል መቆም አለበት።

ሰሙ በእሳት ላይ በቀጥታ አይጣድም። በድስት ውሃ ይጣዳል፥ ሰሙ በጣሳ ሆኖ በውሃው ውስጥ ይቀመጣል። ፓራፊን ከ50 እስከ 65 ዲግሪ ገደማ፥ የንብ ሰም ደግሞ ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። በአዲስ አበባ፥ ከተማችን ከፍታ ላይ ስላለች፥ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ውሃው እስካላለቀ ድረስ ሰሙ ከዚያ በላይ ሊግል አይችልም። በቀጥታ እሳት ላይ የተጣደ ሰም ግን ሳይታወቅ እየጋለ ይሄዳል፤ ወደ 200 ዲግሪ ሲጠጋ እንፋሎቱ በእሳት ይያያዛል። እንዲህ ያለ እሳት ቢነሣ ውሃ መድፋት ሞትን መጥራት ነው፤ ውሃው በቅጽበት ተኖ የሚነደውን ሰም በቤቱ ሁሉ ይረጨዋልና። ምድጃውን አጥፍቶ ጣሳውን በክዳን ማፈን ብቻ ነው መድኃኒቱ። ታናናሽ ወንድሞችና እኅቶች ይህን ሥራ ያለ ታላቅ ሰው እንዳይሞክሩት አደራ እንላለን።

ቀለሙን በተመለከተ፥ በውሃ የተበጠበጠ የምግብ ቀለም ከሰም ጋር አይዋሐድም፤ ነጠብጣብ ሆኖ ከሥር ይቀራል። ለሰም የሚሆነው በዘይት የሚሟሟ ቀለም ነው። ይህ ካልተገኘ የባለቀለም ሻማ ስብርባሪ ከነጩ ጋር ማቅለጥ ይቻላል። ሕፃናት ሥዕል የሚቀቡበት ክራዮን ግን፥ ምንም እንኳ ቢያምር፥ በውስጡ ያለው የቀለም ዱቄት የክሩን ቀዳዳ እየደፈነ ነበልባሉን ያዳክመዋል።

በመጨረሻ መደራረቡ ይመጣል። የመጀመሪያው ቀለም ሁለት ጣት ያህል ይፈስሳል፤ ጥቂት ይጠበቃል፤ ሁለተኛው በላዩ ይፈስሳል፤ ሦስተኛውም እንዲሁ። የሥራው ብልሃት ሁሉ ያለው በዚህ «ጥቂት ይጠበቃል» በሚለው ቃል ውስጥ ነው። የታችኛው ገና ፈሳሽ ሳለ ሌላው ቢጨመርበት ሁለቱ ቀለሞች ተደበላልቀው ስም የሌለው ድፍርስ ቀለም ይሆናሉ። የታችኛው ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ቢጨመርበት ደግሞ መልኩ ያምራል፥ መስመሩም ጥርት ብሎ ይታያል፤ ነገር ግን አንዱ ከአንዱ አልተያያዘም። አንድ ቀን ከጠረጴዛ ላይ ቢወድቅ ልክ በመስመሩ ላይ ለሁለት ይከፈላል። ትክክለኛው ጊዜ ላዩ ረግቶ ጣት ሲነካው የማይጣበቅ፥ ውስጡ ግን ገና ለብ ያለበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ከላይ የሚመጣው ትኩስ ሰም የታችኛውን ጫፍ በጥቂቱ ያቀልጠውና ሁለቱ፥ ቀለማቸውን ሳይለቁ፥ አንድ አካል ይሆናሉ።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንማራለን?

1ኛ፥ ከክሩ

ሻማው ሦስትም ይሁን ሰባት ቀለም ቢኖረው ክሩ አንድ ነው። ለቢጫው አንድ ክር፥ ለቀዩ ሌላ ክር አይደረግም። አንድ ክር በሁሉም መካከል ያልፋል፤ ከላይ የተለኮሰው እሳት ወደ ታችኛው ቀለም የሚደርሰው በዚያው በአንዱ ክር ነው። ክሩ በመካከል ቢቆረጥ፥ ከቁርጡ በታች ያለው ሰም ምንም ያህል ቢያምር ብርሃን አይሆንም።

ውድ ወጣቶች፥ በመካከላችን ያለው ልዩነት ብዙ ነው። አንዱ የተወለደው በወሎ፥ ሌላው በወለጋ፥ ሌላው በጎንደር፥ ሌላው በትግራይ፥ ሌላው በጉራጌ፥ ሌላው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። እናቱ ያሳደገችው በአማርኛ የሆነ አለ፤ በኦሮምኛ፥ በትግርኛ ወይም በሌላ ቋንቋ የሆነም አለ። አንዱ የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ ነው፥ ሌላው የጉሊት ነጋዴ ልጅ ነው። ይህ ሁሉ ቀለም ነው፤ ቀለሙም ክፉ አይደለም፥ ሰጪው እግዚአብሔር ነውና። ቅዱስ ጳውሎስ ስለ አንዱ አካልና ስለ ብዙዎቹ ብልቶች ሲጽፍ ዓይን እጅን አላስፈልግህም ሊለው እንደማይችል ያስተማረን ስለዚህ ነው (1ኛ ቆሮ. 12)። በሁላችን መካከል የሚያልፈው ክር ግን አንድ ነው፤ እርሱም በአንድ ጥምቀት የተቀበልነው በክርስቶስ ያለው እምነት ነው። ከዚህ ክር ተለይተን በቀለማችን ብቻ የቆምን እንደሆነ ጌጥ እንሆናለን እንጂ መብራት አንሆንም።

2ኛ፥ ከውሃው

ሰሙ እንዲቀልጥ እሳት ያስፈልጋል፤ በእሳቱና በሰሙ መካከል ግን ውሃ መኖር አለበት። እሳቱ ያው እሳት ነው፤ በውሃው በኩል ሲመጣ ያለዝባል፥ ያለ ውሃው ሲመጣ ቤት ያቃጥላል።

እኛ ወጣቶች ቅንዓት አናጣም። ስለ ሃይማኖታችን፥ ስለ ሀገራችን፥ ስለ ወገናችን ስንናገር ደማችን ይሞቃል። ይህ መልካም ነው፤ ቀዝቃዛ ሰም ምንም አይሠራበትምና። ነገር ግን ቅንዓታችን በትዕግሥትና በጸሎት በኩል ካላለፈ ያነደድነው ነገር በእኛው ላይ ይነድዳል። በ2012 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በተነሡ ግጭቶች ተማሪዎች ሞተዋል፤ ብዙዎችም ትምህርታቸውን ጥለው ወደየቤታቸው ተመልሰዋል። እናት ለምርቃት ትመጣለች ብሎ ሲጠብቅ የነበረ ልጅ አስከሬኑ ወደ እናቱ ሄደ። በአንድ ካፌ የበሉ፥ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ያጠኑ ወጣቶች ነበሩ። ከዚያም በኋላ በሀገራችን ስንት ደም እንደፈሰሰ ሁላችን እናውቃለን። በእንዲህ ያለ እሳት ላይ በችኮላ የሚነገር ቃል በሚነድ ሰም ላይ እንደሚደፋ ውሃ ነው፤ ያጠፋ መስሎት ይረጨዋል። አንዳንድ ጊዜ ትልቁ ጥበብ ክዳኑን መክደን ነው፤ ማለትም የሰማነውን ክፉ ወሬ ሳናቀብል እኛ ዘንድ እንዲሞት ማድረግ ነው።

3ኛ፥ ከጊዜው

በዚህ ክፍል ጥቂት እንቆያለን፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና አሳብ ያለው እዚህ ላይ ነውና።

ከላይ እንደተመለከትነው ሁለት ቀለሞችን አንድ የሚያደርጋቸው ሙጫ አይደለም፥ ሙቀት ነው። ጌታችን ስለ መጨረሻው ዘመን ሲናገር ከዓመፃ ብዛት የተነሣ የብዙዎች ፍቅር እንደሚቀዘቅዝ አስቀድሞ ነግሮናል (ማቴ. 24፥12)። ፍቅር ቀዝቅዞ አንድነት ሊታይ ይችላል፤ እንዲያውም መስመሩ ያን ጊዜ ይበልጥ ያምራል። የተከፈለ መሆኑ የሚታወቀው ሲወድቅ ብቻ ነው።

በዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የሚማር አንድ ወንድም ያጫወተኝን ልንገራችሁ። ይህ ልጅ ከሩቅ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣ ነው። በአገሩ ሳለ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ስለነበር እዚህም እንደደረሰ በአንድ ደብር ተመዘገበ። ድምፁ ያማረ ስለሆነ ወዲያው መዘምራን ውስጥ ገባ። አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው፥ እኩል እያሸበሸቡ፥ አንድ ዓመት ያህል አብረው ዘመሩ። ያያቸው ሰው ሁሉ «እንዴት ያለ አንድነት ነው!» ይል ነበር።

በዚያ መካከል በትውልድ አገሩ ጦርነት ሆነ፥ ስልክም ተቋረጠ። ለብዙ ወራት የእናቱን ድምፅ አልሰማም። «በየሳምንቱ ለልምምድ እሄድ ነበር» አለኝ፤ «ስለ መዝሙሩ ዜማ ይጠይቁኛል፥ ስለ ልብሱ መታጠብ ይነግሩኛል። እናትህስ ያለኝ ሰው ግን አልነበረም። ጠሉኝ ማለቴ አይደለም። የዚያ አገር ሰው መሆኔን ያውቃሉ፤ ምን ብለው እንደሚጠይቁኝ ጨነቃቸው መሰለኝ፥ ዝም አሉ። እኔም ዝም አልሁ። ከዚያ በኋላ ቀረሁ።» ሲቀርም ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ሰው ደውሎለት ነበር፤ የተደወለውም የመዝሙር ልብሱን እንዲመልስ ነው።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ በዚህ ታሪክ ውስጥ የተሳደበ የለም፥ የተማታ የለም። ሁሉም ልጆች ጥሩ ልጆች ነበሩ። የጎደለው ነገር አንዲት ጥያቄ ናት። ሰሙ በሰም ላይ ሲፈስስ ቀዝቅዞ ነበር፤ ነገሩ በወደቀ ጊዜ በመስመሩ ላይ ተከፈለ።

ይህ ወንድም ወደ ቤተ ክርስቲያን የተመለሰው በማን ይመስላችኋል? በሰባኪ አይደለም። አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ከደጀ ሰላሙ ተቀምጦ ሳለ አንዲት ሽማግሌ እናት፥ ጧፍና ዕጣን በበሩ ላይ የሚሸጡ፥ «ልጄ፥ ፊትህ ጠቁሯል፤ እናትህ ደኅና ናት?» አሉት። ሌላ ምንም አላሉትም። እርሱም በዚያው ቦታ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እርሳቸውም የሚሸጡትን ትተው አጠገቡ ተቀመጡ፤ የእናቱን ስመ ክርስትና ጠይቀው ከጧፋቸው አንዱን በስሟ አበሩላት። የአገሩን ስም አልጠየቁትም። ዛሬ እናቱ በሕይወት መኖሯን ሰምቷል፥ በየጊዜውም ይደውልላታል፤ ሰንበትም አይቀርም። ለእኝህ እናት ማንም የአንድነት ትምህርት አልሰጣቸውም፤ ነገር ግን ሰሙ ለብ ባለበት ሰዓት ማፍሰስን ያውቁ ነበር።

እንግዲህ «አንድ እንሁን» እያሉ መዘመር ቀላል ነው። ከባዱ በሙቀቱ ጊዜ መድረስ ነው። ወንድምህ ሐዘን ሲደርስበት በዚያው ሳምንት፥ እኅትህ ፈተና ስትወድቅ በዚያው ቀን፥ አዲስ አባል ሲመጣ በዚያው ሰዓት። ከዓመት በኋላ የሚመጣ ማጽናኛ በቀዘቀዘ ሰም ላይ እንደፈሰሰ ቀለም ነው፤ ያምራል፥ አይያዝም።

በሌላ በኩል አንድነት ማለት መደበላለቅ አለመሆኑንም ከሻማው እንማራለን። «ሁሉም እንደ እኔ ይናገር፥ እንደ እኔ ይዘምር፥ ቋንቋውንም በበር ላይ ትቶ ይግባ» የሚል ሰው ቀለሞችን ገና ፈሳሽ ሳሉ እንደሚደባልቅ ነው፤ የሚያገኘው ድፍርስ ነው። በበዓለ ኀምሳ ዕለት መንፈስ ቅዱስ የወረደው በእሳት ልሳኖች ነበር። እሳቱ አንድ ሲሆን ከየሀገሩ የመጣው ሕዝብ ግን እያንዳንዱ የሰማው በገዛ ቋንቋው ነው (ሐዋ. 2)። እግዚአብሔር የሕዝቡን ቋንቋ አላጠፋም፤ በእያንዳንዱ ቋንቋ ውስጥ አንዱን ነገር አናገረበት እንጂ።

4ኛ፥ ከመኮስተሪያው

የሻማ ክር እየነደደ ሲሄድ ጫፉ ይረዝማል። የረዘመ ክር ብዙ የሚያበራ ይመስላል፤ እውነቱን ግን ያጨሳል፥ ብርጭቆውን ያጠቁራል። ስለዚህ ከመለኮሱ በፊት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ቀርቶ ይቆረጣል። በሙሴ ድንኳን የነበረው የወርቅ መቅረዝ እንኳ ከወርቅ የተሠሩ መኮስተሪያዎች ነበሩት (ዘጸ. 25፥38)። ወርቅ የሆነ መቅረዝ መኮስተሪያ ካስፈለገው እኛማ ምን ያህል ያስፈልገን ይሆን? ይህ የንስሐ ምሳሌ ነው። በየጊዜው ወደ ንስሐ አባቱ የማይቀርብ ወጣት አገልግሎቱ የበዛ ቢመስልም ጭሱ ይበዛል፤ ትዕቢቱና ወሬው በዙሪያው ያሉትን ያጠቁራል። የተቆረጠ ክር ግን ለጊዜው ያነሰ ቢመስልም የጠራ ብርሃን ይሰጣል።

5ኛ፥ ከነበልባሉ

አሁን ወደ ዋናው ደረስን። ቀይ፥ ቢጫና ሰማያዊ ቀለም ያለውን ሻማ ለኩሳችሁ ተመልከቱ። እሳቱ ቀዩን ሲያቃጥል ነበልባሉ ቀይ ይሆናልን? ሰማያዊው ላይ ሲደርስስ ይለወጣልን? አይለወጥም። ከላይ እስከ ታች ያው አንድ ነበልባል፥ ያው አንድ ብርሃን ነው። የሚነድደው ከሰሙ የሚወጣው እንፋሎት ነው፤ የነበልባሉ ብሩህነት የሚመጣውም በውስጡ ከሚግሉት ጥቃቅን የከሰል ብናኞች ነው። የሰሙ ቀለም በዚህ ውስጥ ድርሻ የለውም።

ማይክል ፋራዴይ የተባለው ታላቅ የእንግሊዝ ሳይንቲስት የአንጥረኛ ልጅ ነበር፤ ብዙ ትምህርትም ቤት ገብቶ አልተማረም። እ.ኤ.አ. በ1860 መጨረሻ በለንደን በሮያል ኢንስቲትዩሽን ለወጣቶች በገና ሰሞን ባደረገው ተከታታይ ትምህርት ስለ አንዲት ሻማ ብቻ ስድስት ጊዜ ተናገረ። ስለ አየር፥ ስለ ውሃ፥ ስለ ሰው እስትንፋስ ያስተማረው ሁሉ ከዚያች ሻማ ተነሥቶ ነው። በፍጻሜውም ወጣቶቹ በሕይወታቸው እንደ ሻማ በዙሪያቸው ላሉት እንዲያበሩ ተመኘላቸው። ያ ሊቅ በላቦራቶሪ ያየው ነገርና ጌታ በተራራው ላይ የተናገረው (ማቴ. 5፥14-16) በዚህ ይገናኛል፤ ብርሃን የተሰጠን ለሌላው ነው።

እኛ ደግሞ የሰምና ወርቅ ሀገር ልጆች ነን። ወርቅ ሠሪ መስቀል ወይም ቀለበት ሲሠራ አስቀድሞ ቅርጹን በሰም ያበጃል፥ በጭቃም ይሸፍነዋል። ጭቃው ሲግል ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ወርቁ በስፍራው ይገባል። የቅኔ አባቶቻችን ስሙን የወሰዱት ከዚህ ነው። እንግዲህ በሻማችንም ላይ ቀለሙ ሰም ነው፥ ብርሃኑ ወርቅ ነው። ቋንቋችን፥ መንደራችን፥ ዲግሪያችን፥ የድምፃችን ማማር ሰም ናቸው። ይህን ሰም እግዚአብሔር የሰጠን እንዲቀልጥና ወርቁ እንዲታይበት ነው። ሰሙን ይዞ ወርቁን የረሳ ቅኔውን አልፈታም።

የማይለኮስ ሻማ

አንድ ነገር ጨምረን እናጠቃልል። ባለቀለም ሻማ እጅግ ስለሚያምር ብዙ ሰዎች ሊለኩሱት ያሳዝናቸዋል። በሳሎን መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡታል። ዓመት ያልፋል፤ አቧራ ይሸፍነዋል፥ ቀለሙ ይደበዝዛል፥ በመጨረሻም ከቆሻሻ ጋር ይጣላል። ሳይበራ አለቀ። አጠገቡ የነበረው ተራ ነጭ ሻማ ግን መብራት በጠፋ ሌሊት ልጆች አጥንተውበት፥ እናት ቡሃቃዋን ከድናበት፥ በሽተኛ መድኃኒቱን ውጦበት አለቀ። ሁለቱም አልቀዋል፤ አላላቃቸው ግን አንድ አይደለም።

ወጣትነታችንም ያልቃል፤ ብንለኩሰውም ባንለኩሰውም ያልቃል። «ስመረቅ አገለግላለሁ፥ ሥራ ስይዝ እጠይቃለሁ፥ ትዳር ስይዝ እጾማለሁ» እያልን በመደርደሪያ ላይ አንቀመጥ። አምስቱ ሰነፎች ደናግል መብራት አልነበራቸውም አልተባለም፤ መብራቱ ነበራቸው፥ ሙሽራው በመጣበት ሰዓት ግን ዘይት አልነበራቸውም (ማቴ. 25፥1-13)።

ስለዚህ በቃል ብቻ እንዳንቀር ሦስት ነገር እናድርግ።

መጀመሪያ፥ እያንዳንዳችን ከሚቀጥለው ሰንበት በፊት ከመካከላችን የቀረውን አንድ ሰው እንፈልግ። የምንጠይቀው «ለምን ቀረህ?» ብለን ሳይሆን «ቤተሰቦችህ ደኅና ናቸው?» ብለን ይሁን።

ሁለተኛ፥ በቤታችን በየጥጉ የወደቀውን የሻማ ቍራጭ እናጠራቅምና ይዘን እንምጣ። በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከታላላቆቻችን ጋር ሆነን እናቅልጠው። አንዱ ያመጣው ነጭ ይሆናል፥ የሌላው ቀይ ይሆናል፤ የማንም አይጣልም።

ሦስተኛ፥ የሠራነውን በመደርደሪያ አንደርድረው። በአካባቢያችን ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያንና ለታመሙት፥ መብራት ሲጠፋ እንዲያበሩበት፥ ሁለት ሁለት ሆነን እናድርስላቸው። ስናደርስም ሻማውን ሰጥተን አንሩጥ፤ እንቀመጥ፥ እንጠይቅ። ያን ጊዜ ሰሙ ገና ለብ ያለ ነውና።

አምላካችን ልዑል እግዚአብሔር፥ የማይጠፋ ብርሃን የሆነ እርሱ፥ በብዙ ቀለም የፈጠረንን በአንዱ ክር ያጽናን፤ የቀዘቀዘውን ፍቅራችንን ያሙቅልን፤ በጦርነትና በጥላቻ የተለያዩትን ቤተሰቦች ያገናኝልን፤ የሞቱትን ነፍሳቸውን ይማርልን፤ ለሀገራችን ሰላምን ይስጥልን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፥ የቅዱሳን ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።